እናትሽ ፕሬድኒሶሎኑን በድንገት እንዳያቆሙ

ጥያቄው፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ነው የምትኖረው። የወር አበባዋ የቆመው በ46 ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሁለቱም እጆቿ ጣቶችና አንጓዎች ማበጥ ጀመሩ። ጠዋት ስትነሳ እስከ ረፋዱ ድረስ እጇን መጨበጥ ያቅታታል። አንድ ክሊኒክ ዩሪክ አሲድሽ ከፍ ብሏል፣ ሪህ ነው ብሏት ሥጋ ተወች። ሌላ ቦታ ፕሬድኒሶሎን አዘዙላትና በጣም ተሻላት። ከዚያ ወዲህ ያለ ሐኪም ከፋርማሲ እየገዛች በቀን 10 ሚሊግራም ትወስዳለች። ባለፈው ወር የውሃ ጀሪካን ስታነሳ ወገቧን ቀጭ አደረጋት። በራጅ አንዱ የጀርባ አጥንቷ ተደርምሷል፣ አጥንትሽ ሳስቷል አሏት። አንዱ ሐኪም የሆርሞን እጥረት ነው ይላል፣ ሌላው የሰውነትሽ መከላከያ ራስሽን እያጠቃ ነው ይላል። የቱ ነው ትክክል? ፕሬድኒሶሎን አጥንት ያሳሳል ስለሚባል አቁሚ ልበላት? እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት። ካልሲየምና ፕሮሊያ የሚባለውን መርፌ ልላክላት? በሽታውስ ለእኔ ይተርፋል?»

ምላሽ፦ ስለ ፕሬድኒሶሎኑ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። አታስቁሚያቸው። ለዓመታት በየቀኑ 10 ሚሊግራም የወሰደ ሰው ዛሬ ተነስቶ ቢያቆም በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች በየቀኑ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። የደም ግፊታችን እንዳይወርድ የሚያግዘው፣ ስንታመምና ስንጎዳ ሰውነታችን እንዲቋቋም የሚያደርገው እሱ ነው። ፕሬድኒሶሎን የዚሁ ሆርሞን ሰው ሠራሽ ዓይነት ነው። ከውጭ በኪኒን ሲገባ አንጎል በቂ እንዳለ ይቆጥርና ትእዛዙን ያቆማል፤ ዕጢዎቹም ሥራ ይፈታሉ። ከሦስት አራት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ይህ ሊጀምር ይችላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ዕጢዎቹ እስኪነቁ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሀል ኪኒኑ በድንገት ከቆመ ድካም፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ይመጣል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ስለዚህ ኪኒኑ ቤት ውስጥ እንዳያልቅባቸው። ትውከት ይዟቸው ኪኒኑ ሆዳቸው ውስጥ አልረጋ ካለ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሄደው በመርፌ ሊሰጣቸው ይገባል። ቀዶ ጥገና ቢያስፈልጋቸውም ይህን መድኃኒት እንደሚወስዱ አስቀድመው ይናገሩ።

መቀነስ ግን አለበት። በምን ሁኔታ እንደሚቀነስ ወደ ታች እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም ሌላ ነገር ሳይተካ መቀነስም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሆርሞን ነው ወይስ የሰውነት መከላከያ? ሁለቱ ሐኪሞች እየተቃረኑ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው የነገሩን አንድ ጎን ነው የያዙት። በእናትሽ ሰውነት ውስጥ ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል፦ ቀድሞ የመጣ ማረጥ፣ የገዛ መገጣጠሚያን የሚያጠቃ መከላከያ፣ እና ለዓመታት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን። ሦስቱም የሚያነቁት ያንኑ አጥንት አፍራሽ ሴል ነው።

አጥንት ሁሌም እየፈረሰ እየተሠራ ያለ አካል ነው። በአዋቂ ሰው በዓመት አሥር በመቶ ያህሉ ፈርሶ እንደገና ይገነባል። የሚያፈርሱት ሴሎች ኦስቲዮክላስት፣ የሚገነቡት ኦስቲዮብላስት ይባላሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አፍራሹ ሴል ከነጭ የደም ሴሎች ጋር ከአንድ ዘር የሚወለድ መሆኑን ነው፤ መቅኒ ውስጥ ተህዋሲያንን ከሚውጡት የመከላከያ ሴሎች ጋር አንድ ምንጭ አለው። እንዲነቃ ደግሞ ራንክ ሊጋንድ የሚባል መልእክት ያስፈልገዋል። ይህ መልእክት የታወቀው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። መልእክቱን አየር ላይ የሚቀልብ፣ ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገርም ሰውነታችን ያመርታል። የሁለቱ ሚዛን ነው አጥንት መጠንከሩን ወይም መሳሳቱን የሚወስነው።

ኤስትሮጅን የሚባለው፣ ሴቶች ሲያርጡ የሚቀንሰው ሆርሞን ሚዛኑን ወደ ገንቢው ያደላል። መልእክቱን ይቀንሳል፣ ቀላቢውን ይጨምራል፣ አፍራሹ ሴል ዕድሜው እንዲያጥር ያደርጋል። ማረጥ ሲመጣ ይህ ልጓም ይፈታል። ፉለር ኦልብራይት የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ማረጥንና የአጥንት መሳሳትን ያገናኘው በ1941 ነው፤ ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። አጥንት በፍጥነት የሚያልቀው ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አምስት እስከ ሰባት ዓመታት ነው። እናትሽ በ46 ዓመታቸው አርጠዋል። ብዙ ሴቶች የሚያርጡት ሃምሳ ዓመት አካባቢ ስለሆነ የእሳቸው አጥንት ቀድሞ ነው ብቻውን የቀረው። በዚያው ፈጣን ጊዜ ውስጥ የመገጣጠሚያው በሽታ ተጨመረበት።

ያንቺ ገለጻ በጣም የሚመስለው ሩማቶይድ አርትራይተስን ነው። በሁለቱም እጅ፣ በጣቶች ሥርና በአንጓ የሚያብጥ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያደርቅ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚፍታታ ሕመም የዚህ በሽታ ጠባይ ነው። በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ጠዋት ቢያደርቅ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፣ ሲሠሩ ውለው ማታ ነው የሚብሰው። በሩማቶይድ የሰውነት መከላከያ የመገጣጠሚያውን የውስጥ ሽፋን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል። እዚያ የተሰበሰቡት የመከላከያ ሴሎች ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6፣ ኢንተርሉኪን 17 የሚባሉ ኬሚካሎችን ይረጫሉ፣ ራንክ ሊጋንድንም ራሳቸው ያመርታሉ። አፍራሹ ሴል ከመገጣጠሚያው ጠርዝ ላይ አጥንቱን መቆፈር ይጀምራል። በእጅ ራጅ ላይ ጫፉ የተነከሰ የሚመስለው ለዚህ ነው። ኬሚካሎቹ በደም ስለሚዞሩ ወገብና ዳሌም አይቀርላቸውም። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን ጨርሶ ያልነካ የሩማቶይድ ታማሚም አጥንቱ ይሳሳል።

ሆርሞንና መከላከያ እርስ በርስም ይነጋገራሉ። የመከላከያ ሴሎች ኤስትሮጅንን የሚቀበሉበት በር አላቸው። ሩማቶይድ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ሁለት ሦስት እጥፍ ይይዛል፣ ሉፐስ የሚባለው ሌላው ራስን የሚያጠቃ በሽታ ደግሞ ከዚያም በጣም ይብሳል። ብዙ የሩማቶይድ ታማሚዎች ሲያረግዙ ሕመማቸው ይቀልላቸዋል፣ ከወለዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለስባቸዋል። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ፊሊፕ ሄንች ይህን አስተውሎ፣ ሰውነት ውስጥ የሚያድን አንድ ነገር አለ ብሎ ሲፈልግ ኖረ። በ1948 የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነው ኮርቲሶን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንዲት የሩማቶይድ ታማሚ ተሰጠ፤ መንቀሳቀስ ያቃታት ሴት በቀናት ውስጥ ተራመደች። ሥራው በ1950 ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ጉዳቱ የታየው ግን ወዲያው ነበር፤ መድኃኒቱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ታማሚዎች ፊታቸው አበጠ፣ ስኳራቸው ወጣ፣ አጥንታቸው ተሰበረ።

እናትሽ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ፕሬድኒሶሎን የመገጣጠሚያውን እሳት ያበርዳል፣ ለዚህም ነው ሰው የሚወደው። በሌላ በኩል ገንቢውን ሴል ይገድላል፣ ካልሲየም ከአንጀት እንዳይገባ ያደርጋል፣ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፣ ጡንቻን ያደክምና መውደቅን ያመጣል። አጥንት በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ ስድስት ወራት ነው። በቀን 2.5 ሚሊግራም እንኳ ከሦስት ወር በላይ የሚወስድ ሰው አጥንቱ መታየት አለበት፤ እሳቸው አራት እጥፉን ነው ለዓመታት የወሰዱት። አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ ሰው ፕሬድኒሶሎን ጀምሮ ፊቱ ሲሞላ፣ ጉንጩ ሲቀላ «ተስማማው፣ አማረበት» ይባላል። ያ መወፈር ጤና አይደለም። መድኃኒቱ ውስጥ ውስጡን እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ይህን ኪኒን ያለ ማዘዣ ለዓመታት የሚሸጥ ባለሙያ ምን እየሸጠ እንደሆነ ያውቃል፣ ማወቁም ነው የሚያሳዝነኝ። በየመንደሩ «የቁርጥማት መድኃኒት» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄትና ስሙ ያልተጻፈበት መርፌም ውስጡ ስቴሮይድ፣ ማለትም የፕሬድኒሶሎን ዓይነት መድኃኒት፣ ሊኖርበት ስለሚችል፣ እሳቸው ከኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት ካለ ጠይቂያቸው።

የሪህን ነገር በአጭሩ ላንሳ። ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ከፍ ማለቱ ብቻውን ሪህ አያሰኝም፤ ከፍ ብሎባቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ምንም የማያማቸው ብዙ ናቸው። የዩሪክ አሲድ ሪህ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ በአንድ መገጣጠሚያ፣ በተለይ በእግር አውራ ጣት ሥር ይነሳል። በቀናት ውስጥም ይተዋል። ኤስትሮጅን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲያስወጣ ስለሚረዳ ሴቶች ከማረጣቸው በፊት ብዙም አይያዙም። በሁለቱም እጅ ላይ ዓመታት የሚቆይ እብጠት ግን ሌላ ነገር ነው። እናትሽ ሥጋ በመተዋቸው አጥንታቸው አልተጠቀመም፤ ጡንቻና አጥንት ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የሩማቶይድ ምርመራ የሚባሉት ሩማቶይድ ፋክተርና አንቲ ሲሲፒ ናቸው፣ ከእጅና ከእግር ራጅ ጋር ይታያሉ። ደም ምርመራው ነጻ ቢወጣ እንኳ በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ወደ ወገባቸው ስመጣ ከሁሉም በላይ የምፈራውን ልንገርሽ። «አጥንትሽ ሳስቷል» የሚለው ምናልባት ትክክል ነው። ግን በራጅ ብቻ መዝጋት የለበትም። የጀርባ አጥንት በቲቢም ይደረመሳል፤ ቲቢ በአገራችን ብርቅ አይደለም፣ ዓመታት ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። መድኃኒቱ ትኩሳቱንና ሕመሙን ስለሚሸፍን ቲቢው ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ብሩሴላ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታም ወገቡን ሊይዘው ይችላል። በዚህ ዕድሜ የመቅኒ ካንሰርና ከሌላ ቦታ የተዛመተ ካንሰርም መታሰብ አለበት። ሌሊት የሚያነቃ ሕመም፣ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል አላቸው ወይ? የመጨረሻዎቹ ከታዩ ለነገ የሚባል ነገር የለም፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ምልክቱ ባይኖርም ሙሉ የደም ምርመራ፣ ካልሲየም፣ ኩላሊት፣ የደረት ራጅ፣ ከተቻለም የወገብ ኤምአርአይ ያስፈልጋቸዋል።

ወጌሻ ወገባቸውን እንዳይነካ። ይህን እንደ ቀላል ነገር አትውሰጂው። የተደረመሰ የጀርባ አጥንትን ማሸትና መጫን ስብራቱን ወደ ነርቭ ሊገፋው ይችላል። ጠበል ቢጠመቁ ተቃውሞ የለኝም፣ እምነታቸው ነው። መድኃኒታቸውን ግን ለጠበሉ ብለው እንዳያቋርጡ፤ ፕሬድኒሶሎንን ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ከላይ ተናግሬአለሁ።

ሌሎች ሆርሞኖችም አብረው መታየት አለባቸው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ አጥንት ይበላል፤ የታይሮይድ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነም መጠኑ በዝቶ እንደሆነ ይለካ። ሩማቶይድ ያለባቸው ሰዎች ላይ የታይሮይድ በሽታ አብሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። የፓራታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ካልሲየምን ከአጥንት ይስባል። የደም ስኳራቸውንና ግፊታቸውን ማየት ደግሞ ግዴታ ነው፣ ፕሬድኒሶሎን ሁለቱንም ያወጣልና። የዓይን ሞራም እንዲሁ።

እና ምን ይደረግ? በሽታውን ራሱን የሚይዝ መድኃኒት ይጀመር፣ አጥንቱን የሚጠብቅ መድኃኒት አብሮ ይጀመር፣ ከዚያ ፕሬድኒሶሎኑ ቀስ እያለ ይውረድ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መገጣጠሚያው ይነሳባቸዋል፣ እሳቸውም ወደ ፋርማሲው ይመለሳሉ። ይህ ነው እየተደጋገመ የሚታየው።

የሩማቶይድ የመጀመሪያ መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። የካንሰር መድኃኒት ነው እየተባለ ይፈራል። ለሩማቶይድ የሚሰጠው መጠን ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለአሥርት ዓመታት ተሠርቶበታል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን በትልቁ ጽፈሽ ስጪያቸው፣ ቀኑንም አብራችሁ ምረጡ፣ ለምሳሌ ሁሌ ሐሙስ። በስህተት በየቀኑ ወስደው መቅኒያቸው ሥራ አቁሞ የሞቱ ሰዎች አሉ። አብሮ ፎሊክ አሲድ ይሰጣል። ከመጀመሩ በፊት ጉበት፣ ኩላሊት፣ የደም ሴል፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የደረት ራጅ ይታያል፤ ከዚያም በየጊዜው ደም ይመረመራል። አረቄና ጠላ ይቀራል። ሌላ ትልቅ ነገር፦ ኮትሪሞክሳዞል ወይም ባክትሪም የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከሜቶትሬክሴት ጋር እንዳይወስዱ። ለተቅማጥም ለሽንት ሕመምም ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገዛ ነው የማስጠነቅቅሽ፣ ሁለቱ አንድ ላይ መቅኒን ይመታሉ። አፋቸው ውስጥ ቁስል፣ ትኩሳት፣ አዲስ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሜቶትሬክሴቱን አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ። የሚቆመው ግን እሱ ብቻ ነው፤ ፕሬድኒሶሎኑ ይቀጥላል።

ሜቶትሬክሴት ለመሥራት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት የሚተወው ይህ ስላልተነገረው ነው። ሥራ ሲጀምር፣ እብጠቱ ሲወርድ፣ ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎኑን ከ10 ወደ 7.5፣ ከዚያ ወደ 5 ሚሊግራም በየጥቂት ሳምንቱ ያወርደዋል። ከ5 በታች ያለው መንገድ ከሁሉም ቀስ ብሎ የሚኬድበት ነው፤ ዕጢዎቹ መንቃት ያለባቸው እዚያ ላይ ነው። ሜቶትሬክሴት ብቻውን ካልበቃ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚን ይጨመራሉ። አንቺ ባለሽበት አገር በብዛት የሚሰጡት ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መርፌዎች ጥሩ ይሠራሉ። ዋጋቸው ግን ከባድ ነው፣ የተኛ ቲቢንም ይቀሰቅሳሉ፤ ያለ ቲቢ ምርመራ አይሰጡም። ለእናትሽ የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም። ሌላ መታሰብ ያለበት የአንጀት ትል ነው፤ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው በስቴሮይድ ሥር ተራብቶ መላ ሰውነትን ሊወር ስለሚችል ሰገራቸው ይመርመር። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከፕሬድኒሶሎን ጋር ጨጓራ ያደማሉ፤ በየቀኑ እየዋጡ ከሆነ ይቅርባቸው፣ ለወገባቸው ፓራሲታሞል ይሻላል።

አጥንቱን በሚመለከት፣ ያለ ከባድ አደጋ የተሰበረ የጀርባ አጥንት ካለ፣ ሌላው ምክንያት ከተጣራ በኋላ፣ ሕክምና ለመጀመር የአጥንት መጠን መለኪያ ማሽን አይጠበቅም። ማሽኑ ካለ ጥሩ ነው፣ ለክትትል ይጠቅማል። በፕሬድኒሶሎን የሳሳ አጥንት ግን ማሽኑ ከሚያሳየው በላይ ደካማ ነው። መዘግየት የለበትም፤ አዲስ የጀርባ አጥንት ስብራት ከደረሰባቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ይሰበርባታል።

ፕሮሊያን አትላኪ። መጥፎ መድኃኒት ስለሆነ አይደለም። ዴኖሱማብ የሚባለው ይህ መርፌ ከላይ ያልኩሽን ራንክ ሊጋንድ በቀጥታ የሚያግድ ነው፣ እና ይሠራል። በየስድስት ወሩ መሰጠት አለበት፣ በፍሪጅ ቅዝቃዜ መጓዝ አለበት። ትልቁ ነገር ደግሞ ከዘገየ ወይም ሌላ መድኃኒት ሳይተካ ከቆመ ታግዶ የነበረው አፍራሽ ሴል በአንድ ጊዜ ይነሳና ብዙ የጀርባ አጥንቶች ተከታትለው ሊሰበሩ ይችላሉ። ሻንጣ በያዘ መንገደኛ ላይ የተንጠለጠለ ሕክምና እንዲህ ዓይነት መድኃኒት አይችልም። የኔ ምክር ዞሌድሮኒክ አሲድ ነው፦ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ 5 ሚሊግራም። ካልተገኘ አሌንድሮኔት፣ በሳምንት አንድ 70 ሚሊግራም ኪኒን። ሁለቱም አጥንት ውስጥ ስለሚቆዩ ቀጠሮ ቢያልፍ እንደ ፕሮሊያው አይቀጡም። ዞሌድሮኒክ አሲድ ከተሰጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት ትኩሳትና ቁርጥማት ሊያመጣ ይችላል፤ አትደናገጡ። አሌንድሮኔት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ፣ ሳይበሉ፣ ቡናም ሳይጠጡ መቆየት ነው፣ አለዚያ ጉሮሮ ያቆስላል። ከሁለቱም በፊት ኩላሊት ይታያል፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይስተካከላል፣ መነቀል ያለበት ጥርስ ይነቀላል።

ኤስትሮጅኑስ ቢተካ? ሰው ሲያርጥ፣ ከማረጡ አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ አጥንትን ይጠብቃል። ይህ በደንብ የታወቀ ነው። እናትሽ ካረጡ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ የደም መርጋት፣ የስትሮክና የጡት ካንሰር ስጋቱ ይጨምራል። ሩማቶይድንም አያድንም። በእሳቸው ሁኔታ አልመክረውም። በ46 ዓመታቸው ቢሆን ሌላ ንግግር ነበር።

ካልሲየም መላክ ትችያለሽ፣ ብቻውን ግን ይህን በሽታ አይመልስም። ከምግብና ከኪኒን በአንድ ላይ በቀን 1,200 ሚሊግራም አካባቢ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጥቅም የለውም፣ ኩላሊት ላይ ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። ጤፍ ጥሩ ካልሲየም አለው፣ ሊጡ ሲቦካም ለሰውነት ይበልጥ ይመቻል። ጎመንና ሰሊጥም እንዲሁ። የሚጾሙ ከሆነ ወተትና እርጎ ረጅም ጊዜ ስለሚቋረጥ የኪኒኑ ድርሻ በጾም ወራት ከፍ ይላል። የአጥንት መረቅ ለጥያቄሽ ባይሆንም ብዙ ሰው ስለሚለው፣ ጣፋጭ ምግብ ነው፣ ካልሲየሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቫይታሚን ዲ እንዲያውም ከካልሲየሙ ይበልጥ ያሳስበኛል። ፀሐይ በሞላበት አገር ይጎድላል ወይ እንዳትዪ፤ የታመመ ሰው ቤት ውስጥ ይውላል፣ ሲወጣም በነጠላ ተሸፍኖ ነው፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ጀሪካኑን ሌላ ሰው ይሸከም። ሕመሙ ሲበርድ ግን አልጋ ላይ አይዋሉ፤ በየቀኑ ይራመዱ፣ ሲጎነበሱ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ይሁን፣ የመጸዳጃው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑረው።

ገንዘቡን ለመርፌ ከማውጣት ለመንገድ አውጪው። ደሴ ላይ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይያቸው፣ ምርመራው እዚያ ይጀመር፣ ሪፈር ተጽፎላቸው አዲስ አበባ ሩማቶሎጂስት፣ ማለትም የመገጣጠሚያ በሽታ ስፔሻሊስት፣ ዘንድ ይቅረቡ። የዘርፉ ሐኪሞች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ቀጠሮው ሊርቅ ይችላል፤ በመሀል የአጥንት መድኃኒቱም ሜቶትሬክሴቱም በውስጥ ደዌ ሐኪም ሊጀመሩ ይችላሉ። የሚውጡትን ሁሉ ከነመያዣው በፌስታል ይዘው ይሂዱ፣ ራጁንም።

አንቺን በሚመለከት፣ ሩማቶይድ በዘር በቀጥታ አይተላለፍም። ወላጅ ካለበት ዕድሉ ከፍ ይላል፣ አብዛኞቹ ልጆች ግን አይያዙም። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ አቁሚ፤ ይህን በሽታ እንደሚቀሰቅስ ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱ ነው። የእናትሽን ስብራትና ማረጥ በ46 መሆኑን ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ያንቺም የወር አበባ ከ45 በፊት ከቆመ ስለ ኤስትሮጅን መተካት ያኔውኑ ጠይቂ እንጂ አሥር ዓመት አትጠብቂ። ጣቶችሽ አብጠው ጠዋት መድረቅ ከጀመሩ ደግሞ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ሩማቶሎጂስት ዘንድ ሂጂ። ሐኪሙ መገጣጠሚያሽን ዳስሶ ደምሽን ሳያይ ፕሬድኒሶሎን አትጀምሪ፤ እብጠቱን አጥፍቶ ምርመራውን ያደናግራል።